ከጓደኞች ጋር በአነስተኛ ወጪ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ስለ መሥራት፤ ለወሎ ጀማሪዎች የቀረበ መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ ወይም በከሚሴ የሚኖሩ አራት አምስት ጓደኛሞች፣ ከመካከላቸው አንዱ ደኅና ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ ካለው፣ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ለመጀመር በቂ መሣሪያ አላቸው። ብዙ ጀማሪዎች አንድ ክፍል ሠርተው የሚበተኑት ካሜራ ስላጡ ሳይሆን፣ ድርሰቱን ከአቅማቸው በላይ ስለሚጽፉትና የተዋናዮቹ ንግግር ለተመልካች ስለማይሰማ ነው። የወሎ ሰው የሚያስቀው በአነጋገሩ ነው፤ በሚያሽሞነሙነው ቃል፣ በይሉኝታው፣ «ልክፈል» «አልከፍልም» ሳይል ነገሩን ዞር አድርጎ በሚናገርበት ዘዴው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለድርሰትና ለድምፅ ሲሆን፣ ስለ ካሜራ ግን የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ያነሣል።

ሁለት ሰው ብቻውን አገር ሊያስቅ እንደሚችል የቆየ ማስረጃ አለን። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ ሆነው ያቀረቧቸው ጭውውቶች የተመሠረቱት በሁለት ሰዎች ቅብብልና በአነጋገር ለዛ ላይ ነበር፤ የመድረኩ ዕቃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ድርሰቱን የምትጽፉት በእጃችሁ ላለው ነገር ነው እንጂ በምኞታችሁ ላለው አይደለም። የፖሊስ ጣቢያ፣ የሆስፒታል ክፍል ወይም የመኪና ግጭት የሚጠይቅ ታሪክ ለጊዜው ይቆይ።

ቦታና ሰዎች

ለመነሻ የሚመረጠው አንድ ቦታ ነው፤ እኔ ብጠየቅ በርከት ያሉ ክፍሎች የሚከራዩበትን የጋራ ግቢ አስቀድማለሁ። ግቢው አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ስላለው ነዋሪዎቹ ሳይወዱ በግድ ይገናኛሉ፤ የሚያጋጫቸውም ነገር ሳይፈለግ ይገኛል። የቆጣሪው ሒሳብ እንዴት ይካፈል የሚለው ክርክር ብቻውን ለሁለት ክፍል ይበቃል። ከዚህም በላይ በወሎ እንዲህ ያለው ግቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ቡና የሚጠጡበት፣ ለሠርግ ጊዜ ከብቱ በየወገኑ ለየብቻ የሚታረድበትና ድስቱ እንዳይቀላቀል ሴቶቹ ዓይናቸውን የማይነቅሉበት ስለሆነ፣ የሌላ አገር ደራሲ አስቦ የማያገኘው ሁኔታ ከደጃችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ከአምስት የማይበልጡ ገጸ ባሕርያት ይበቃሉ። ለምሳሌ ከዐረብ አገር ተመልሳ ባጠራቀመችው ገንዘብ ላይ ሁሉም ሰው ሊመክራት የሚፈልጋት ወጣት፣ ደመወዙ ሁልጊዜ የሚዘገይበት መምህር፣ መንገድ ሳይጠየቅ የሚያመላክት ባለ ባጃጅ፣ ፈተና የደረሰበት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ሁሉንም የምትቆጣጠር አከራይ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጽኑ ፍላጎትና አንድ የማይለቅ ጠባይ ስጧቸው፤ በየክፍሉ የሚለዋወጠው ሁኔታው ነው እንጂ ጠባያቸው አይደለም። አከራይዋ በሦስተኛው ክፍል ለጋስ ሆና ከተገኘች፣ ለጋስ የሆነችበት ምክንያት ከሥስቷ የመነጨ መሆን አለበት።

ድርሰቱ

የመጀመሪያውን ክፍል ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ርዝመት ወስኑት። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከዚህ የረዘመ ጊዜ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ 10 ደቂቃ ማሳቅ ያልቻለ ቡድን 25 ደቂቃ ማሳቅ አይችልም። ለአወቃቀሩ ደግሞ ከቡናችን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ በአቦሉ ችግሩ ይቀርባል፣ በቶናው ሰዎቹ ሊፈቱት ሲሞክሩ ይባስ ያወሳስቡታል፣ በበረካው ደግሞ ማንም ባላሰበው መንገድ ይፈታል ወይም ይፈርጣል። ዱዓው ከተደረገ በኋላ ታሪክ መጨመር አያስፈልግም፤ ሳቁ ባለቀበት ቦታ መቁረጥ ነው።

ቀልዱ ከሁኔታው እንዴት እንደሚወጣ በአንድ አጭር ትዕይንት እንየው። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ደርሷል። አከራይዋ ሙስሊም ናት፤ ወሩን የምትቆጥረው በጨረቃ ነው፣ የሒጅራ ወር ደግሞ አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ 30 ቀን ይሆናል። ተከራዩ መምህር ክርስቲያን ነው፤ የእሱ ወር ሁልጊዜ ሠላሳ ነው። አከራይዋ ገንዘቧን በግልጽ መጠየቅ ይከብዳታልና ለቡና ጠርታዋለች።

አከራይ፦ «ልጄ፣ ወሩ እንዴት ከረመ?»
ተከራይ፦ «ምስጋና ይግባው፣ እትዬ። ወሩማ ደኅና ነው፤ ገና አልወጣም።»
አከራይ፦ «ወላሂ እንደኔ ቆጠራ ኸወጣ ሁለት ቀኑ።»
ተከራይ፦ «በእርስዎ በኩል እኮ ጨረቃዋ ትቸኩላለች። የኔው ሠላሳ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም።»
አከራይ፦ (ልትሰጠው የዘረጋችውን ሲኒ መልሳ ረከቦቱ ላይ እያስቀመጠች) «አብሽር። እንግዲያው ቡናውም ሠላሳ ሲሞላ ይጠጣል።»

በዚህ ትዕይንት ውስጥ የትኛውም እምነት አልተነካም፤ የተሳቀው በገንዘብና በይሉኝታ ነው። ተከራዩ ያቀረበው ሰበብ ተመልሶ እሱኑ ስለያዘው ነገሩ ይጥማል። ተዋናዮቹም በሚያውቁት አነጋገር ይናገሩ፤ የደሴ ልጅ ካሜራ ሲያይ የአዲስ አበባን አነጋገር ለመምሰል ቢሞክር ግማሹ ሳቅ በዚያው ይጠፋል። ጳጉሜ ሲመጣ ደግሞ «የአምስቱ ቀን ኪራይ ይታሰብ አይታሰብ» ብላችሁ ያንኑ ክርክር በሌላ ክፍል ማስቀጠል ትችላላችሁ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ጮክ ብላችሁ በሰዓት እየለካችሁ አንብቡት። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ልማድ ለውጭ አገር የአጻጻፍ ቅርጽ የተበጀ ስለሆነ ለእጅ ጽሑፋችሁ አይሠራም። ከዚያም ከቡድኑ ውጭ ላሉ ሰዎች፣ ይልቁንም በዕድሜ ገፋ ላሉ እናቶች ቡና ላይ አንብቡላቸው፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው የት እንደሳቁ፣ የት ደግሞ ስኒያቸውን ማየት እንደጀመሩ ምልክት ያድርግ። ጓደኛ ለጓደኛው ስለሚስቅ የእርስ በርስ ሳቃችሁን አትመኑት።

ገንዘቡና ስምምነቱ

ለመነሻ ወጪው የሚበጀው ዕቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ለሥራው እንዲውል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሚገዛውም በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ የስልክ ማቆሚያ፣ የቪዲዮ ማጠራቀሚያ፣ በባትሪ የሚሠራ መብራት። ካሜራ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። መደበኛ የ1080 ጥራት ያለው ቪዲዮ እንደ ስልኩ አሠራር በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ያህል ስለሚይዝ፣ የአንድ ሰዓት ቀረጻ እስከ 8 ጊጋ ባይት ሊደርስ እንደሚችል አስቡ፤ በቀረጻ መካከል «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ተዋናዩን ከስሜቱ ያወጣዋል።

ከወጪዎች ሁሉ የሚረሳው ምግብና ትራንስፖርት ነው። ሰዎቹ በነጻ የሚሠሩላችሁ ከሆነ ቢያንስ ምሳቸውን አብሏቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ላይ ደግሞ የጾም ምግብ መኖሩን አረጋግጡ፤ በረመዳን ቀረጻውን በጠዋት ጀምራችሁ ሰዎች ከመድከማቸው በፊት ጨርሱት።

ከገንዘቡ በፊት ግን ወረቀቱ ይቅደም። ድርሰቱ የማን ነው፣ ገቢ ቢገኝ እንዴት ይካፈላል፣ አንድ ሰው ቢወጣ ገጸ ባሕርዩን ሌላ ሰው ይጫወተዋል ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» ተብሎ የተዘለለ ወረቀት ብዙ ቡድን በትኗል። የዩቲዩቡን ቻናል የይለፍ ቃልም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት።

ድምፅ

ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ያልተሰማውን ቀልድ ግን መልሶ አይፈልገውም። ስልክ ላይ ያለው ማይክ ከተናጋሪው በራቀ ቁጥር የቤቱን ማስተጋባት አብሮ ስለሚይዝ፣ ማይኩ ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ላይ ይሰካ። ነጠላ የለበሰች ወይም ሒጃብ ያደረገች ተዋናይ ስትኖር ጨርቁ ማይኩን እየፈተገ የሚያሰማው ድምፅ በኤዲት አይጠፋም፤ ስለዚህ ማይኩ ከጨርቁ ውጭ ወይም ጨርቁ በማይንቀሳቀስበት ቦታ ተጠብቆ ይታሰር። ማይክ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሌላ ስልክ በድምፅ መቅጃነት ከጠረጴዛው ላይ፣ ከረከቦቱ ኋላ ሸሽጋችሁ አስቀምጡና ሁለቱ በኤዲት ጊዜ እንዲገጥሙ በየቀረጻው መጀመሪያ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ስልኮች ምስል የሚቀርጹበት ፍጥነት ስለሚዋዥቅ ረጅም ቀረጻ ላይ ድምፁና ከንፈሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ትዕይንቱን በአጫጭሩ መቅረጽ ይህን ይከላከላል።

ድምፁን የሚቆጣጠረው ሰው በዚያ ትዕይንት ላይ አይተውን፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይስማ፣ ከፍተኛውም ድምፅ በድምፅ መለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤልን (−6ን) እንዳያልፍ ይጠብቅ። ግድግዳው ባዶ የሆነ ክፍል ሲያስተጋባ ሁለት ጋቢ ከካሜራው በስተኋላ ማንጠልጠል ለውጡን ወዲያው ያሳያል። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን መለጠፍን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ጋቢው የተሻለ ይሠራል፣ ሲያልቅም ለብሳችሁት ትሄዳላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን በምንም አይታገድምና ሐምሌና ነሐሴን ለድርሰትና ለልምምድ ተዉት፤ በወሎ የበልግ ዝናብም እንዳለ አትርሱ።

ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጫጫታውን በሰዓት መዝግቡ። አዛኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ በተለይም ዳገቱን የሚወጣው ባጃጅ፣ ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በአዛን ጊዜ ቀረጻ ማቆም ለአካባቢው ሰው አክብሮት ነው፤ ለሥራችሁም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አዛን ግማሹ ተቆርጦ በሌላ ሾት (ሳይቋረጥ በተቀረጸ ምስል) ላይ ከተገኘ ትዕይንቱ በግልጽ ይበጠሳል። ቀረጻውን ስትጨርሱ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ለ30 ሴኮንድ ቅረጹ፤ በኤዲት ጊዜ በንግግሮች መካከል የሚፈጠረውን ቀዳዳ የምትሞሉት በእሱ ነው።

ቀረጻ

መቅረጽ ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲገባ ቀረጻ የሚቋረጥበት ስልክ ብዙ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ሄርዝ ስለሆነ በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ ምስሉ እንዳይርገበገብ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ምረጡ፣ መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነም ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ላይ አስሩት። ትኩረቱንና የብርሃኑን መጠን ስክሪኑን ተጭኖ በመቆየት ማሰር ደግሞ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እንዳይፈካና እንዳይጨልም ይረዳል።

ብርሃን ለማግኘት መስኮት ይበቃል። ተዋናዮቹን መስኮቱ በጎናቸው እንዲሆን አስቀምጡ፣ በሌላው ወገን ነጭ አንሶላ ዘርግታችሁ ጥላውን አቅልሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም የብርሃኑን መልክ በደቂቃዎች ይለውጠዋል፤ አንዱ ተናጋሪ በጉም፣ ያኛው በፀሐይ ሲታይ ተመልካች የሚያየው ሁለት የተለያየ ቀን ነው። በግቢው ሜዳ ላይ የሚቀረጹትን በአንድ ጊዜ ጨርሷቸው፤ ጉሙ ካስቸገረ ወደ ቤት ውስጥ ትዕይንት ተሻገሩ። ኮምቦልቻ ያሉ ቡድኖች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ የሚያስቸግራቸው የቀትሩ ፀሐይ ስለሆነ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ቢቀርጹ ፊት ላይ የሚወድቀው ጥላ አይከብድም።

ወደ ቡናው ትዕይንት ብንመለስ አራት ሾት ይበቃዋል፦ ሁለቱንም የሚያሳይ ሰፊ ሾት፣ አከራይዋ ብቻ፣ ተከራዩ ብቻ፣ ሲኒው ብቻ። ንግግሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ በተደጋጋሚ ይነገራል። ሳቁ ያለው ግን ሲኒው ወደ ኋላ ሲመለስ የተከራዩ እጅ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በመቅረቱ ነውና፣ ያቺን እጅ ለመያዝ ጊዜ አትቆጥቡ። ካሜራውን ከሁለቱ መካከል ወደ ሌላኛው ወገን አታሻግሩት፤ ከተሻገረ ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸው ቀርቶ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። አንድ ሰው ደግሞ በየቀረጻው መጨረሻ ፎቶ እያነሣ የቡናውን ልክ፣ የነጠላውን አጣጣልና የዕጣኑን ጢስ ያስታውስ፤ በአንዱ ሾት ሙሉ የነበረ ሲኒ በሚቀጥለው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ኮሜንት ላይ የሚጻፈው ስለ ቀልዱ ሳይሆን ስለ ሲኒው ይሆናል።

ካሜራማኑ መሳቁ አይቀርምና ስልኩ በማቆሚያ ላይ ይሁን። የሌላው ሰው ሳቅ ድምፁን እንዳያበላሽ ልምምዱን እስኪሰለቻችሁ ድረስ አድርጉት፤ የተሰለቸ ቀልድ ቀራጩን ባያስቀውም ተመልካቹን ያስቀዋል።

ፈቃድና ጥንቃቄ

በግቢ ውስጥ የባለቤቷ ፈቃድ ይበቃል፤ መንገድ ላይ ወይም ገበያ ውስጥ ስትቀርጹ ግን ከቀበሌው ወይም ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት ውብ ሥፍራ ቢሆንም፣ ፊቱ እንዲቀረጽ ያልፈለገን ነጋዴ ወይም እረኛ አስገድዶ ማስቂያ ማድረግ አይገባም። የደንብ ልብስና የመጫወቻ መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አይመከርም፤ የኬላና የድልድይ አካባቢም ይቅርባችሁ።

በእምነት ዙሪያ የምትጽፉትን ቀልድ ከመቀረጹ በፊት ከሁለቱም ወገን ለሆኑ ሰዎች አሳዩት። በባለ እምነቱ ላይ መሳቅ ሌላ፣ በእምነቱ ላይ መሳቅ ሌላ ነው፤ በብሔርና በሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስጠይቃል። ወሎዬ በጋብቻ የተሳሰረ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላይ መቀለድ ይችልበታል፤ ነገር ግን ቪዲዮው የሚታየው በግቢያችሁ ብቻ አይደለም።

ሙዚቃ

የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን በመግቢያው ላይ ማስገባት ቀላል ይመስላል፤ ዩቲዩብ ግን ወዲያው ይለየዋል፣ ገቢውም ወደ ዘፈኑ ባለቤት ሊሄድ ይችላል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤት ስምንት ሴኮንድ የምትሆን የራሳችሁን ዜማ በአንዱ ቅኝት ቢሠራላችሁ መለያችሁ ይሆናል። የእሱም ስም በስምምነቱ ወረቀት ላይ ይግባ።

ኤዲትና ስርጭት

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በኮምፒውተር፣ ካፕከት በስልክ በነጻ ይሠራሉ። በኮሜዲ ኤዲት ዋናው ጥበብ ከሚናገረው ሰው ይልቅ የሚሰማውን መቼ እንደምታሳዩ ማወቅ ነው፤ አከራይዋ «አብሽር» ስትል ምስሉ ተከራዩ ላይ ይሁን። የተቀዳ የሕዝብ ሳቅ መጨመሩን አልወደውም፤ ተመልካቹን ሳቅ ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ይልቅስ ከቀልዱ በኋላ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዝምታ ተዉና ቀጥሉ።

መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል የቀረጻውን ቅጂ በዚያው ምሽት በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልኩን ማጽዳት የሚቻለው ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ከታዩ በኋላ ነው። ሙሉው ክፍል በዩቲዩብ፣ ከውስጡ የተቆረጡ የአንድ ደቂቃ ትዕይንቶች በቲክቶክና በቴሌግራም ቢለቀቁ ዳታ የሚቆጥበው ተመልካችም ያገኛችኋል። የሚለቀቅበት ቀን አይለዋወጥ፤ በየሳምንቱ ማድረስ ካልቻላችሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሁን፣ ከመጀመራችሁም በፊት ሦስት ያለቁ ክፍሎች በእጃችሁ ይኑሩ።

እነዚያው ሦስት ክፍሎች ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ የምትገቡባቸው ናቸው። ሐሳብ ይዞ ከሚመጣ ይልቅ ሥራ ይዞ የመጣን ሰው አዘጋጆች ቶሎ ያዩታል። በ1920 በ1080 ጥራት፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም የተዘጋጀውን በፍላሽ፣ ከአንድ ገጽ የታሪክ ማጠቃለያና ከገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር ጋር አቅርቡ። ጣቢያው ከተቀበላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በመካከል የሚገባው ማስታወቂያ ገቢው የማን ነው፣ ክፍሎቹስ ከተላለፉ በኋላ በራሳችሁ ቻናል ላይ መጫን ትችላላችሁ ወይ? መልሱ በቃል ብቻ ከተሰጣችሁ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ በአክብሮት ጠይቁ።